እስር፣ ኩባያና ኪሎ በሐረር ገበያ



የረመዳን ወር ሲቃረብ በየቤቱ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ የመስፈሪያ ጉዳይ ነው። የምግብ አሠራሩ ጽሑፍ አራት ኩባያ የተከተፈ ጎመን ይላል። ገበያ ላይ ግን ጎመን በእስር እንጂ በኩባያ አይሸጥም። ዘመናዊ ሱቅ የገባን እንደሆነ ደግሞ ሚዛኑ የሚያውቀው ኪሎና ግራም ብቻ ነው። ጤፍ፣ ሩዝ ወይም ስኳር ቢሆን ብዙም ባላስቸገረ ነበር፤ እህል ተሰፍሮ ያው ነው፣ ተመዝኖም ያው ነው። ቅጠል ግን በመሀሉ አየር ይዞ የሚቆለል፣ ሲጫኑት የሚያንስ፣ እሳት ሲነካው ደግሞ ድስት ሙሉ የነበረው ወርዶ ከድስቱ ሥር የሚተኛ ነገር ነው። በመሆኑም እስርን ወደ ኩባያ፣ ኩባያን ወደ ኪሎ መመለስ ለብዙ ወጣት እህቶችና ለብቻቸው ለሚኖሩ ወንድሞች ራስ ምታት ሆኖ ይገኛል።

ይህን ጉዳይ ከገበያውና ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ሆነን ለመመልከት ስንል በሻዕባን ወር መጨረሻ ወደ ሐረር ተጓዝን።

ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ሰው የቆላው ሙቀት ከኋላው ሲቀር ይሰማዋል። ዳገቱ ካበቃ በኋላ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ያለው መንገድ ግራና ቀኙ እርሻ ነው። ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ካሮቱና ሰላጣው ከዚህ አካባቢ እየተጫነ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ ምድር ይወርዳል። በዚህ መንገድ ስሙ ገንኖ የሚነሳው ሌላ ቅጠል እንደሆነ አንባቢያን ሳያውቁ አይቀሩም። እኛ ግን የመጣነው ድስት ውስጥ ለሚገባው ቅጠል ነበርና አወዳይን ሳንቆም አለፍናት።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጁገል ተብሎ የሚጠራውን የግንብ አጥር በ16ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች እንዳሉ፣ ከእነዚህም 3ቱ የ10ኛው ምዕተ ዓመት እንደሆኑ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አስፍሯል። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው። በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ሲባሉ በሐረሪዎቹ ቋንቋ ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስም አላቸው። በር ባለበት ገበያ አለ፤ ከገጠር የመጣው ዕቃና ከከተማ የወጣው ገዢ የሚገናኙት በበሩ አካባቢ ነውና። የከተማዋ የሰፈር ስሞችም ይህንኑ ያስታውሳሉ፤ ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው።

ጠዋት ከጁገል በር ውጭ ስንደርስ ከአካባቢው ገጠር የመጡ የኦሮሞ እናቶች ቅጠላቸውን በጆንያ ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣውና ድንብላሉ ሁሉ በእስር በእስር ነው። ሽንኩርትና ቲማቲሙ በመደብ ተከፋፍሏል። ከአንዲት በዕድሜ ከገፉ እናት ፊት ቁጢጥ ብለን ሰላምታ ካቀረብን በኋላ አንዱ እስር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣

«ልጆቼ፣ ሚዛኔ እጄ ነው» አሉን። ቀኝ እጃቸውን ከፍተው ጎመኑን በአገዳው በኩል ጨበጡት። «አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ዙረው ሲገናኙ እስሩ ሞላ። ጣቶቼ ካልተገናኙ በዛ፣ ከተደራረቡ ጎደለ።»

እኛም ለምን በኪሎ እንደማይሸጡት ጠየቅናቸው።

«ጎመን ውኃ ነው። ጠዋት የመዘንኩት ከሰዓት በኋላ ያ አይደለም። ፀሐይ ይጠጣዋል። እስሩ ግን ያው እስር ነው፤ ገዢም በዓይኑ ያየዋል» ሲሉ መለሱልን።

በዚህ አነጋገር ውስጥ ትልቅ እውቀት አለ። ከቅጠል ክብደት አብዛኛው ውኃ ነው። ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ውኃው ይተናል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ውኃ ሲረጩበት ደግሞ ጠብታው በቅጠሉ ላይ ስለሚቀር መልሶ ይከብዳል። ስለዚህ በእስር ለሚሸጥ ሰው ውኃ መርጨት ቅጠሉ እንዳይጠወልግ መጠበቂያ ብቻ ነው። በኪሎ ለሚሸጥ ሰው ግን ያው ውኃ በጎመን ዋጋ የሚሸጥ ውኃ ሊሆን ይችላል።

እኚህ እናት ሌላም ነገር ነገሩን። በበጋ ጎመን ሲወደድ እስራቸው ቀጠን ይላል። «ይህ ማታለል አይደለም፤ ገዢው እያየ ነው የሚገዛው። ማታለልስ ቢጫውን ቅጠል መሀል ከትቶ አረንጓዴውን ከላይ ማልበስ ነው» አሉ። በሐዲስ የተዘገበውን የገበያ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ያስታውሰዋል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ከተው እርጥበት አገኙ፤ ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ከቁርኣን ምዕራፎችም አንዱ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ ስሙን ያገኘው ስፍርና ሚዛን ከሚያጎድሉ ሰዎች ነው። የነቢዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦችም ከተወቀሱበት ጥፋት አንዱ ይኸው ነበር።

ስፍርና ሚዛን በዲናችን

መስፈርና መመዘን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ዑለማዎች ከጥንት ጀምሮ አስተውለውታል። መዲና የተምር አገር ነበረችና ሰዎቿ በመስፈሪያ ይገበያዩ ነበር። መካ የነጋዴ ከተማ ነበረችና ብርና ወርቅ በሚዛን ይመዘንባት ነበር። በመሆኑም በስፍር ረገድ የመዲና፣ በሚዛን ረገድ የመካ ሰዎች መለኪያ መሠረት ሆኖ እንዲያዝ በሐዲስ ተመልክቷል። ሁላችን የምናውቀው ዘካተል ፊጥርም የሚወጣው በስፍር ነው፤ መጠኑ አንድ ሷዕ ሲሆን አንዱ ሷዕ 4 ሙድ ነው። አንዱ ሙድ ደግሞ መካከለኛ ሰውነት ያለው ሰው ሁለት እጆቹን አገጣጥሞ የሚያፍሰው ያህል ነው። ይህን ወደ ኪሎ ሲመልሱት አንዱ ዓሊም 2 ኪሎ ተኩል፣ ሌላው 3 ኪሎ ገደማ የሚሉበት አንዱ ምክንያት እህሉ ስለሚለያይ ነው፤ አንድ ሷዕ ስንዴ፣ አንድ ሷዕ ተምርና አንድ ሷዕ ዱቄት በሚዛን ላይ እኩል አይወጡም።

ቅጠላ ቅጠልን በተመለከተም የፊቅህ ሊቃውንት ተነጋግረውበታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ምድር ባበቀለችው ሁሉ ላይ ዘካ አለ ሲሉ፣ አብዛኞቹ ግን እንደ ጎመን ባለ ተቀምጦ በማይቆይ አትክልት ላይ ዘካ የለም ብለዋል። በሐንበሊ መዝሀብ መስፈርቱ የሚሰፈርና የሚከማች መሆኑ ነው። የእህሉ ኒሷብ 5 ወስቅ፣ ማለትም 300 ሷዕ ሲሆን ቅጠል ደግሞ በሷዕ አይሰፈርም። የሐረሯ እናታችን በእጃቸው ጨብጠው ያሳዩንን ነገር ሊቃውንቱ በኪታብ አስፍረውት እናገኛለን።

የእኛው አገር መለኪያዎችም ከዚሁ ዓለም ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ወቄትና ፈረሱላ ወደ ቋንቋችን የገቡት ከዐረብኛ በንግድ በኩል ነው። 17 ኪሎ የሚሆነው ፈረሱላ በሐረርጌ የቡና ንግድ የታወቀ ነው። እፍኝ፣ ቁናና ጣሳ ደግሞ የስፍር ወገን ናቸው።

የወጣቶቹ ጭንቀት

ከገበያው ወጥተን ወደ ጁገል ውስጥ ስንገባ በአንድ መስጊድ አጠገብ ኢፍጣር ለማዘጋጀት የሚመካከሩ ወጣት ወንድሞችና እህቶች አገኘን። ለችግረኞችና ለመንገደኞች፣ በጠቅላላው ለ60 ጾመኞች ጎመን በሥጋ ሊሠሩ ገንዘብ አዋጥተዋል። የአሠራሩን ዝርዝር የላከችላቸው ቶሮንቶ የምትኖር ዘመዳቸው ናት። በዝርዝሩ ላይ ለአንድ ሰው ግማሽ ኩባያ ጎመን ተብሎ ተጽፏል። ጥሬ ይሁን የበሰለ አልተገለጸም። አንደኛው ወጣት ለ60 ሰው 30 ኩባያ ጥሬ ጎመን ብሎ አስልቶ፣ ከተዋጣው ገንዘብ ለጎመን ጥቂት ብቻ መድቦ፣ የተረፈውን ለለስላሳ መጠጥ ይዞታል።

አብረዋቸው የነበሩት ምግብ አብሳይ እናት ሒሳቡን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይህ ጎመን ለስንት ሰው ነው ያልከው?» አሉት።

«ለ60 ሰው ነው፣ እናቴ።»

«ለ6 ሰው ከሆነ ይበቃል» አሉት።

ወጣቱ አፍሮ አንገቱን ደፋ። እናታችን ግን በርኅራኄ፣ «አይዞህ፣ ወረቀቱ ያልነገረህን ድስቱ ይነግርሃል» አሉት። እኛም ይዘነው በሄድነው የምግብ ሠንጠረዥ ሒሳቡን አብረን አየነው።

የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት ከእኛ የአበሻ ጎመን ጋር የሚቀራረበው ቅጠል ተከትፎ ጥሬውን በአንድ ኩባያ 36 ግራም ይመዝናል። ያው ቅጠል በስሎ ከተጠነፈፈ በኋላ በአንድ ኩባያ 190 ግራም ነው። ስለዚህ 30 ኩባያ ጥሬ ማለት 1 ኪሎ ከ80 ግራም ብቻ ሲሆን ለአንድ ጾመኛ 18 ግራም ይደርሰዋል። 30 ኩባያ የበሰለ ማለት ግን 5 ኪሎ ከ700 ግራም ነው፤ ለአንዱ ሰው 95 ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። ልዩነቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። አንዱ እስር ተቀንጥሶ 300 ግራም ቢወጣው በመጀመሪያው ሒሳብ የሚገዛው 4 እስር፣ በሁለተኛው 19 እስር ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ለመጣ ሰው በ4 እስርና በ19 እስር መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ምግቡ ቢያልቅ ደግሞ ባዶ ሳህን ይዞ የሚቀረው ከኋላ የተሰለፈው፣ ምናልባትም ለመጠየቅ የሚያፍረው ሰው ነው።

ወጣቶቹ ተመካከሩና የለስላሳውን ገንዘብ ወደ ጎመኑ መለሱት። ወደ በሩ ገበያ ስንመለስ ጠዋት ያነጋገሩን እናት ለኢፍጣር መሆኑን ሲሰሙ በገዛ ፈቃዳቸው ምራቂ ጨመሩላቸው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚመዝን ሰው ሚዛኑን ወደ ገዢው እንዲያጋድል መምከራቸው በሐዲስ ተዘግቦ ይገኛል። ሚዛን በሌለበት ገበያ ይህ ምክር በምራቂ በኩል ሲፈጸም አየን።

ለማዕድ ቤትዎ

ከዚህ በታች ያለውን ቆርጠው ከምድጃው አጠገብ ቢለጥፉት ይጠቅምዎታል። ኩባያ ስንል 237 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የአሜሪካኖቹ መስፈሪያ ነው። ቅጠሉ ላላ ብሎ የተሰፈረ ነው።

ጥሬ፣ በአንድ ኩባያ፦
ጎመን፣ የተከተፈ፦ 36 ግራም
ቆስጣ፣ የተከተፈ፦ 36 ግራም
ስፒናች፦ 30 ግራም
ጥቅል ጎመን፣ የተከተፈ፦ 89 ግራም
ረጅም ቅጠል ያለው ሰላጣ፣ የተከተፈ፦ 47 ግራም
የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል፦ 21 ግራም
የድንብላል ቅጠል፦ 16 ግራም

በስሎ የተጠነፈፈ፣ በአንድ ኩባያ፦
ጎመን፦ 190 ግራም
ስፒናች፦ 180 ግራም
ቆስጣ፦ 175 ግራም

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ኩባያን ወደ ግራም ለመለወጥ በቁጥሩ ማባዛት፣ ግራምን ወደ ኩባያ ለመለወጥ ለቁጥሩ ማካፈል ነው። 8 ኩባያ ጥሬ ጎመን ከተባለ 8 በ36 ተባዝቶ 288 ግራም ይሆናል። 1 ኪሎ ጎመን ከተባለ 1,000 ለ36 ተካፍሎ 28 ኩባያ ያህል ነው። ይህ 28 ኩባያ በስሎ ከ5 ኩባያ ብዙም አይበልጥም።

ሁለት ነገሮች ሒሳቡን ያዛባሉ። የመጀመሪያው አገዳው ነው። ሠንጠረዡ የሚናገረው ስለተቀነጠሰው ቅጠል ስለሆነ ከነአገዳው የተገዛው ሁልጊዜ ከዚያ መብለጥ አለበት። ሁለተኛው የአሰፋፈሩ ሁኔታ ነው። ቅጠሉ በእጅ ከተጠቀጠቀ በአንዱ ኩባያ የሚገባው እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ በደቃቁ የተከተፈውም በትልልቁ ከተከተፈው ይበልጣል። ስለዚህ ጽሑፉ ተጠቅጥቆ የሚል ከሆነ ይህን ቃል ችላ አይበሉት።

የቤትዎ ኩባያ ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ የግማሽ ሊትር ውኃ ፕላስቲክ በቂ ነው። ሙሉው ግማሽ ሊትር ኩባያውን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ጥቂት ከተረፈ ኩባያዎ ከሠንጠረዡ ጋር ይስማማል። ሦስት ጊዜ ከሞላው ትንሽ ነውና በሦስቱ ኩባያ የሚገባውን የሠንጠረዡ ሁለት ኩባያ አድርገው ይቁጠሩት።

ሚዛን በቤትዎ ከሌለም አይጨነቁ። ቀጥ ያለ ዱላ መሀሉን በገመድ አንጠልጥለው ሁለት አንድ ዓይነት ፌስታል በሁለቱ ጫፎች እኩል ርቀት ላይ ይሰቀሉ። በአንዱ ውኃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ፣ በሌላው ባዶ ፕላስቲክና ጎመኑን ያድርጉ። ግማሽ ሊትር ውኃ 500 ግራም ስለሚመዝን ዱላው ሲስተካከል ጎመንዎ ግማሽ ኪሎ ነው። ከአንድ ሻጭ 5 እስር ገዝተው፣ ቀንጥሰው፣ በዚህ መንገድ መዝነው ለ5 ቢያካፍሉት የዚያን ገበያ እስር ልክ ያውቁታል። ወቅቱ ሲለወጥ እስሩም ይለወጣልና በበጋና በክረምት መደጋገም ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ለሕመምተኞች አንድ ማሳሰቢያ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አሉ። አረንጓዴ ቅጠሎች ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የመድኃኒቱን ሥራ ይነካሉ። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚመክሩት ቅጠሉን ጨርሶ መተው ሳይሆን መጠኑን ከቀን ወደ ቀን አለመለዋወጥ ነው። እንግዲህ ዛሬ አንድ ኩባያ ጥሬ፣ ነገ አንድ ኩባያ የበሰለ የበላ ሰው ለራሱ አንድ ኩባያ በልቻለሁ ቢልም በቅጠሉ መጠን ከአምስት እጥፍ በላይ ለውጧል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በቤቱ ያለ ቤተሰብ በግራም ቢቆጥርና ለረመዳን ምግቡን ሲለውጥ ሐኪሙን ቢያማክር የተሻለ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ሻጭም ገዢም፣ አብሳይም ተመጋቢም፣ ሁላችንም በመለኪያ በኩል የምንጠያየቀው ሐቅ አለብን። በእስር የሚሸጥ የእስሩን መሀል እንደ ላዩ ያድርግ። በኪሎ የሚሸጥ ውኃውን አራግፎ ይመዝን። የምግብ አሠራር ለሌላ ሰው የሚጽፍ ጥሬ ወይም የበሰለ የምትለውን ቃል አይርሳ። ለጾመኛ የሚያበስል ደግሞ ከኩባያው ይልቅ የመጨረሻውን ተሰላፊ እያሰበ ይስፈር። አላህ ስፍራችንንም ሚዛናችንንም የተስተካከለ ያድርግልን። ወቢላሂ ተውፊቅ።